ሞተሩን ከማውረዳችን በፊት



ባለፈው ወር ከእሑድ አምልኮ በኋላ ወንበር እያነሳን ሳለ አንድ ወንድም ጠጋ ብሎ፣ «ፓስተር፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ፈልጌ ነበር» አለኝ። እንዲህ ሲሉኝ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የትዳር፣ የልጅ ወይም የወረቀት ጉዳይ ነው። ወንበሩን አስቀምጬ ጆሮዬን ሰጠሁት።

«ዳትሰኗ ሰማያዊ ጭስ ጀመረች። ጉልበቷም ወርዷል። ሞተሩን ላሠራው ወይስ አውጥቼ ልቀይረው?»

መጀመሪያ ፈገግ አልኩ። ፊቱን ስመለከት ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ቤቱ በዚህች መኪና ምክንያት ለሦስት ተከፍሎ ነበር።

ይህ ወንድም እዚህ ሜሪላንድ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። መኪናዋ የ1972 ዳትሰን 240ዚ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኒሳን በ1969 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ «ፌርሌዲ ዚ» ብሎ ያወጣት ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ናት። አሜሪካ ስትገባ ዳትሰን 240ዚ ተባለች፤ መነሻ ዋጋዋም 3,526 ዶላር ነበር። ሞተሯ 2.4 ሊትር ነው፤ ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ተሰልፈውበታል፤ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈችው ይህችው መኪና ናት። በ1973 መሪውን ይዞ ያሸነፈው ሼካር ሜህታም ዩጋንዳ ውስጥ የተወለደ ሰው ነበር።

የወንድማችን አባት አዲስ አበባ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ጭቃና አቧራ ሰንጥቃ አውሮፓውያኑን ስለቀደመችው ዳትሰን ለልጃቸው ሲተርኩለት ነው ያደገው። አሜሪካ መጥቶ ዓመታት ከሠራ በኋላ አንድ ጡረታ የወጣ ጎረቤቱ ሲሸጣት ገዛት። ከስምንት ዓመት በፊት አባቱ ሊጠይቁት ሲመጡ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ኮፈኑን አስከፈቱ ይባላል። አምና አረፉ።

አሁን ይህ ሁሉ በአእምሯችሁ ይሁንና የቤቱን ክርክር ስሙ። አንድ ጋራዥ፣ ጭሱን አይቶ ብቻ፣ «ይህ ሞተር አልቋል፤ የ280ዚ ሞተር እናስገባለት» ብሎ 6,800 ዶላር ጠየቀ። የ19 ዓመቱ ልጁ፣ «አባዬ፣ ከቀየርነው አይቀር የኮርቬት ቪ8 እናስገባበት» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ፣ «ልጅቷ በነሐሴ ኮሌጅ ትገባለች፤ ያለን ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው ብቻ ነው፤ ሽጣትና እንረፍ» ትላለች። እሱ መሐል ላይ ቆሟል።

የእኔን አስተያየት ከመናገሬ በፊት ስለ ሞተር የመናገር መብት ከየት እንዳገኘሁ ልናገር። ነገረ መለኮት ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በአጎቴ ጋራዥ ሁለት ክረምት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ዕቃ ማጠብ፣ መፍቻ ማቀበልና ሶማሌ ተራ መላላክ ነበር። መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ፋሻና ብሮንዚን፣ ቴስታታና ጋርኒሲዮን፣ ካንዴላና ካምቢዮ የሚሉትን ጣሊያን ትቶልን የሄደውን የጋራዥ ቋንቋ ከዕብራይስጥና ከግሪክ ፊደል በፊት ነው የተማርኩት።

ሌላም መብት አለኝ፤ ተሳስቻለሁ። እዚህ አገር በመጣሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የምነዳት አሮጌ መኪና ነጭ ጭስ አወጣች፤ የራዲያተር ውኃም ትጨርስ ጀመር። የወሰድኩበት ጋራዥ ሞተሩ ሞቷል አለኝ። ሌላ ሰው አልጠየቅኩም። ያገለገለ ሞተር አስገባሁ፤ ዋስትናው 60 ቀን ነበር። በሦስተኛው ወር ያም ሞተር ማንኳኳት ጀመረ። በኋላ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ታሪኩን ሰምቶ፣ «ፓስተር፣ የመጀመሪያው እኮ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ብቻ ሊሆን ይችል ነበር» አለኝ። አሮጌው ሞተር ስለሄደ እውነቱን ላውቅ አልችልም። የማውቀው ያ ገንዘብ እናቴን ሄጄ ለማየት ያስቀመጥኩት የአውሮፕላን ትኬት እንደነበረ ነው። ጉዞው በአንድ ዓመት ተራዘመ። ስለዚህ ወንድሜ ሲጠይቀኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ቃል፣ «ማን ለካው?» የሚል ነበር።

መጀመሪያ መለካት

አስተያየቴን በአጭሩ ላስቀምጥ። የአሮጌ ስፖርት መኪና የራሷ ሞተር፣ ብሎኩና ክራንክሻፍቱ ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ፣ ሊጠገን ይገባዋል። መቀየር የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ነገር ግን ሳይለኩ መጠገንም ሳይለኩ ከመቀየር አይሻልም፤ ሁለቱም ቁማር ናቸው።

ጭስ ይናገራል፤ ግን ሁሉንም አይናገርም። ነጭና የማይቋረጥ ጭስ ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ መሆኑን ይጠቁማል። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የካርቡራቶር ጉዳይ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሰማያዊውም ሁለት ዓይነት ነው። ቤንዚን ሲረገጥ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ፋሻው አልቆ ሊሆን ይችላል። መብራት ላይ ቆማ ቆይታ ስትነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የቫልቮላው ጎማ ነው። የመጀመሪያው ሞተሩን ሊያስወርድ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ከላይ ያልቃል።

ከጭስ ቀጥሎ የግፊት ምርመራ አለ። ሞተሩ ይሞቃል፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይወጣሉ፣ ቤንዚን መርገጫው እስከ ታች ተረግጦ ሞተሩ በባትሪ ይሽከረከራል፤ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይመዘገባል። እዚህ ላይ ከቁጥሩ ትልቅነት በላይ የሚጠቅመው የቁጥሮቹ መቀራረብ ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ በዚያ ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎ እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ከወጣ ጥፋቱ ፋሻው ጋ ነው፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ደፍኖታል ማለት ነው። ካልወጣ ጥርጣሬው ወደ ቫልቮላ ይሄዳል። ከዚያም በታመቀ አየር መሞከር ይቻላል። አየር በካንዴላው ቀዳዳ ይገባና ወዴት እንደሚያመልጥ ይደመጣል። በካርቡራቶር ከሆነ ማስገቢያው ቫልቮላ፣ በማርሚታ ከሆነ ማስወጫው፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻው፣ ራዲያተር ውስጥ አረፋ ከታየ ደግሞ ጋርኒሲዮኑ ነው።

ይህ ሁሉ የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው። በ6,800 ዶላር ውሳኔና በአንድ ቅዳሜ ጠዋት መካከል ምርጫ ካለ ቅዳሜውን ስጡት።

ቅዳሜው ምን ነገረን?

እኛም ሰጠነው። አንድ ጡረታ የወጣ መካኒክ ወንድም መለኪያውን ይዞ መጣ፤ እኔ እንደ ድሮዬ መፍቻ አቀባይ ሆንኩ፤ ልጁ ቁጥር ጸሐፊ። አምስቱ ሲሊንደሮች ከ145 እስከ 155 ፒኤስአይ መካከል ሰጡ። አምስተኛው ሲሊንደር 80 ሰጠ። ዘይት ጠብ ብናደርግበትም ንቅንቅ አላለም። አየር ስናስገባ በማርሚታው በኩል ፉጨት ተሰማ። የማስወጫው ቫልቮላ ተቃጥሏል። ጭሱም መብራት ላይ ቆማ ስትነሳ የሚወጣው ዓይነት ነበር። የዘይት ግፊቷ ጥሩ ነው፤ ከሥር የሚያንኳኳ ነገር የለም። አልቋል የተባለው ሞተር ቴስታታው ነበር የታመመው።

ከዚያ መካኒኩ ወንድም፣ «ቫልቮላውን ለመጨረሻ ጊዜ ያስተካከለው ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ወንድማችን ዝም አለ። ቆይቶ፣ «አባቴ» አለ። «ሊጠይቁኝ የመጡ ጊዜ በእጃቸው አስተካከሉት። ከዚያ በኋላ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ሞተር ላይ በካም ሻፍቱና ቫልቮላውን በሚጫነው ክንድ መካከል ጥቂት ክፍተት መኖር አለበት፤ ሞተሩ ሲሞቅ ለማስገቢያው 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር። መኪናው በተነዳ ቁጥር ቫልቮላው መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ክፍተቱ ሊጠብ ይችላል። ጠብቦ ካለቀ ቫልቮላው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የማስወጫ ቫልቮላ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው የሚያስተላልፈው ተዘግቶ መቀመጫውን ሲነካ ነው። ካልነካ ይግላል፤ ሲብስ ይቃጠላል። ክፍተቱን መለካትና ማስተካከል ደግሞ ቀጭን የብረት መለኪያና ሁለት መፍቻ የሚበቃው ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር።

የአባቱን እጅ ሥራ ለማክበር ብሎ ያልነካው ነገር፣ ባለመነካቱ ተበላሸ። ይህን ሲረዳ ወንድማችን መከላከያው ላይ ተደግፎ ቆመ። እኔም ብዙ የምናገረው አልነበረኝም። መካኒኩ ወንድም ግን ጥሩ ነገር ተናገረ፦ «አባትህ መካኒክ ነበሩ አይደል? መካኒክ ያስተካከለውን መልሰህ ብታስተካክል ደስ ይለዋል እንጂ አይቀየምም።»

ውድ አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ከሞተሩ ወደ ስብከት ለመሻገር በጣም ይመቸኝ ነበር። አልሻገርም። ቫልቮላ ቫልቮላ ነው። የወረስነውን ነገር መጠበቅ ማለት በየጊዜው መክፈት፣ መለካትና ማስተካከል መሆኑን ግን ማንም ሰው፣ አማኝም ሆነ ገና እየፈለገ ያለ፣ ከዚህ ሊወስድ ይችላል።

መቀየር ትክክል የሚሆነው መቼ ነው?

ጥገናን ስለመረጥኩ መቀየርን የምኮንን እንዳይመስላችሁ። ቢዬላ ሰብሮ ብሎኩን ከበሳው፣ ብሎኩ ከተሰነጠቀ፣ ሲሊንደሮቹ ከዚህ በፊት ተቦርቡረው ለሌላ ትልቅ ፒስተን የሚበቃ ብረት ካልቀረላቸው፣ ወይም ክራንክሻፍቱ ተሞርዶ ተሞርዶ የሚገጥምለት ብሮንዚን ካልተገኘ፣ መቀየር ጥበብ ነው። መኪናዋ ሰው በየቀኑ ሥራ የሚሄድባት፣ የቤተሰቡ እንጀራ የተንጠለጠለባት ከሆነችም፣ ለትዝታ ሲባል ሦስት ወር ጋራዥ ማቆም ልክ አይመስለኝም። ቶሎ የምትነሳበት መንገድ ይመረጥ።

ለ240ዚ ደግሞ ከቪ8 በፊት የሚቀርብ አማራጭ አለ። ከ1975 ጀምሮ በ280ዚ ላይ የተገጠመው 2.8 ሊትር ሞተር የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ካምቢዮ ላይ ብዙ ሳያስቸግር ይገባል። መቀየር ግድ ከሆነ እሱን እመክራለሁ። ጋራዡ ያቀረበው ሐሳብ በራሱ መጥፎ አልነበረም፤ ጥፋቱ ሳይለካ መቅረቡ ነው።

ስለ ቪ8 ለልጁ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ሞተር ብቻውን አይቀየርም። ከሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት ያለው ሞተር ሲገባ ካምቢዮው ይቀየራል፤ ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ ይቀየራል፤ የኋላው ዲፈረንሻል አይችለውም። ራዲያተሩ አይበቃም፤ ፍሬኑ የተሠራው ለ151 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ እንደ አዲስ ይዘረጋል። ልጁ ኢንተርኔት ላይ ያየው የሞተሩን ዋጋ ነበር። ወረቀት አውጥተን አንድ በአንድ ስንጽፍ በሦስተኛው መስመር ላይ ራሱ ሳቀ። ጌታችን ጀምሮ መጨረስ ስላቃተው ግንበኛ የተናገረውን ሁላችንም እናውቃለን። አሜሪካ ውስጥ ስንት ጋራዥ በሸራ የተሸፈነ፣ ሞተሩ የወጣ፣ አዲሱም ያልገባ መኪና ይዞ ተቀምጧል!

ጥገናም ቢሆን ሙሉ ዋጋው ይቆጠር። ቴስታታው ሲወርድ መጣመሙ ይለካል፤ ከተጣመመ ይላጋል። ብዙ ከተላገ ደግሞ የካም ሻፍቱ ቦታ ዝቅ ስለሚል ሰንሰለቱ ይላላል፤ ስለዚህ ከካም ሻፍቱ ማቆሚያ ሥር ማካካሻ ይገባል። ይህን የማያውቅ ቶርኖ ቤት ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው። የላዩ ሲታደስ የታችኛው ፋሻ ድካም ጎልቶ ሊታይ እንደሚችልም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ወንድማችን ለቴስታታው ሥራ የተነገረው 1,900 ዶላር ነው። ከ6,800 ያነሰ ነው፤ ግን ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

አሮጌውን ሞተር አትጣሉ፤ እውነቱንም አትደብቁ

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ብትቀይሩ እንኳ የመጀመሪያውን ሞተር አትስጡ። በ240ዚ ሞተር ክፍል ውስጥ የሞተሩ ቁጥር የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ አለ፤ ብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥር ከእሱ ጋር ሲገጥም ገዢዎች ተጨማሪ ዋጋ ይሰጡታል። ሲሊንደሮቹ ዘይት ተቀብተው፣ ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ፣ ደረቅ ጥግ ላይ ይቀመጥ። የእኔን ሞተር ተራ ብረት ብዬ ስለሰጠሁ ነው ዛሬም እውነቱን የማላውቀው።

ሁለተኛ፣ ይህ ደግሞ ለእኛ ለአማኞች ይበልጥ የሚከብድ ነው። ሞተሯ የተቀየረ መኪና ስትሸጡ ተናገሩ። ቴስታታዋ ብቻ ታድሶ ከሆነ «ሞተሯ ሙሉ በሙሉ ታድሷል» አትበሉ። ወፍራም ዘይት ጨምራችሁ ጭሷን ለአንድ ቀን ደብቃችሁ አትሸኟት። «ገዢው አይቶ ነው የገዛው» የሚለው አባባል በገበያ ያስኬድ ይሆናል። እሑድ እጃችንን አንሥተን የምንቆም ሰዎች ግን ሰኞም ያው እጅ ነው ያለን።

የባለቤቱ ቃል

ክርክሩ እንዴት አለቀ? ከቅዳሜው በኋላ ወደ ቤታቸው ተጋብዤ ቡና ጠጣን። ባለቤቱ እስካሁን የተናገረችውን ሁሉም እንደ ተቃውሞ ነበር የሚሰማው። እኔ እንደማየው ግን ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች፦ «ገንዘቡ የማን ነው? ጊዜውስ?» ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ የጭስ ቀን አይደለም የሚነካው። የተቃጠለ ቫልቮላ ያላት መኪና ቆማ ብትጠብቅ አይብስባትም፤ የሚያብሰው መንዳት ነው። የኮሌጅ ክፍያ ግን ቀን አለው።

ተስማሙ። ዳትሰኗ አትሸጥም፤ ከተቀማጩም አንድ ዶላር አይወጣም። የልጅቷ ክፍያ ይቀድማል። የቴስታታው ገንዘብ ከትርፍ ሰዓት ሥራ ይጠራቀማል፤ እስከዚያ ቴስታታውን የሚያወርዱት አባትና ልጅ ራሳቸው ናቸው። ልጁ ስለ ቪ8 ዝም ብሏል፤ ሙሉ በሙሉ የተወው ግን አይመስለኝም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ስልኬ ላይ ፎቶ ደረሰኝ። ቴስታታው በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ተቀምጧል፤ ከቫልቮላዎቹ የአንዱ ጠርዝ እንደተነከሰ ብስኩት ጎድሏል። በሥሩ ወንድማችን እንዲህ ጽፎልኛል፦ «ፓስተር፣ የሲሊንደሮቹ ግድግዳ ጭረት የለውም። ልጄ የአያቱን መለኪያ ከዕቃ ሣጥኑ ሥር አገኘው። አጠቃቀሙን እያስተማርኩት ነው።»

እናንተም ደጃችሁ ላይ የቆመ፣ ልጥገነው ወይስ ልቀይረው የምትሉት ነገር ካለ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ፤ ከመለካታችሁ በፊት አትፍረዱ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ቤት ውስጥ ካሉት ጋር ተቀመጡ።

ጌታ ይባርካችሁ።